ፒንሳና ውሃ ያልገባበት ቤት

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሁሉም «ፒንሳ» ይላታል። ቧንቧ ሠራተኛ ናት፤ አንዴ የያዘችውን አትለቅም፤ ቡሎንም ነገርንም። ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ማጠቢያ ሥር ተጋድማ ስትፈታና ስታጠብቅ የኖረች ሴት፣ የእኔ የምትለው አንድ ክፍል አልነበራትም። ከእናቷና ከልጇ ጋር ወንድሟ ቤት በደባልነት ትኖር ነበር፤ ሰባት ሰው በአንድ ክፍል። ለቤት ወረፋ ከተመዘገበች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። የወንድሟ ሚስት ሦስተኛውን ስታረግዝ፣ ማንም ውጡ ሳይላቸው የሁሉም ዓይን ወደ በሩ ማየት ጀመረ።

ቤት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ፒንሳ ራሷ ከአምስት ዓመት በፊት ቧንቧ የዘረጋችበት ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻ እዚያው ሰፈር ቆሟል። ባለሀብቶች ዋጋው እስኪጨምር ብለው ገዝተው፣ ቆልፈው ሄዱ። አላፊ አግዳሚው ሰው አለበት እንዲል በየመስኮቱ መጋረጃ ሰቀሉ። መጋረጃውን የሚገልጠው ጠፍቶ በፀሐይ ነጣ። ፒንሳ በዚያ ባለፈች ቁጥር አንጀቷ ያርር ነበር፤ የእኔም ቢሆን ያርር ነበር።

ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አወጣ፦ ሁለት ዓመት ሰው ሳይኖርበት የቆየ ቤት ወረፋ ለሚጠብቁ ይከራያል። ደንቡ ወጣ እንጂ ከማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ የሚያንኳኳ አልተገኘም። ፒንሳ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ሲመራት ራሷ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን አንዱን ቤት ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በጠራራ ፀሐይ አንኳኳች። ከልቧ ነው ያንኳኳችው፤ ሰው ቢከፍትላት ይቅርታ ጠይቃ ልትመለስ። በአራተኛው ቀን ርካሹን ቁልፍ በቢላዋ ጫፍ ገፋ አደረገችና እናቷን፣ ልጇንና ሁለት ፍራሽ ይዛ ገባች። በነጋታው ለቤቶች ጽሕፈት ቤት «ገብቻለሁ፤ መጥታችሁ እዩ» የሚል ማመልከቻ አስገባች። እንዲህ ያለ ሌባ የት ይገኛል?

መሳቂያ ያደረጋት ግን የውሃው ነገር ነው። ሕንጻው ሲሠራ፣ ቤቱ ከዋናው ቧንቧ ውሃ የሚቀበልበትን አፍ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በታፖ፣ በብረት ክዳን፣ የደፈነችው ራሷ ነበረች፤ ቆጣሪ ሲገባ ይከፈታል ተብሎ። ቆጣሪው አልገባም፤ ውሃ የሚፈልግ ሰው አልነበረማ! ለእሷ ታፖ መፍታት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ከግቢው የጋራ ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳች ሦስት ፎቅ ትወጣለች።

«ሰብረሽ ከገባሽ በኋላ ታፖ መፍታት ነውር ሆነብሽ?» አላት ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ፣ በሳቅ እየፈረሰ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ።»

«ቤቱን ‹ገብቻለሁ› ብዬ በማመልከቻ አሳውቄያለሁ» አለችው። «ያለ ቆጣሪ የሚቀዳ ውሃ ግን ከጎረቤት መስረቅ ነው። ለማንም ከፍቼ አላውቅም፤ ለራሴም አልጀምርም።»

«ግትር ወልጄ ግትር አሳድጌ» አለች እናቷ ጉልበቷን እያሸች።

በገባች በሰባተኛው ወር የቤቶች ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣች። የባለቤቱ ወኪል በክራቫት ታንቆ አብሯት አለ። በእጁ የመሐላ ቃል ይዟል፦ ፒንሳ ሰብራ እስክትገባ ድረስ የባለቤቱ ልጅ ከሚስቱ ጋር እዚህ ይኖር ነበር ይላል። ይህ ከታመነ ፒንሳ በዚያው ቀን ትወጣለች፤ የአሥራ አንድ ዓመት ወረፋዋም ይሰረዛል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» አለ ወኪሉ ገና ከበሩ። ባለቤቱን እሱ ራሱም በአካል አይቶት አያውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። «ልጁና ሚስቱ የት ይታጠቡ ነበር?» አለችው።

«እዚሁ ነዋ!» መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ጭጭ። «ዛሬ ውሃ ጠፍቶ ነው።»

«አልጠፋም፤ አሁን ከታች ቀድቼ መምጣቴ ነው» አለች ፒንሳ። ታፖውን አሳየቻት። «እህቴ፣ ይቺን ይዩልኝ። እዚህ ቤት ውሃ ገብቶ አያውቅም። አምስት ዓመት ሆነው፤ የዘጋሁት እኔው ነኝ።»

«ሰሙ? ራሷ ነች የዘጋችው!» ብሎ ዘለለ ወኪሉ። «ትናንት ዘግታው ነው! ቧንቧ ሠራተኛ እኮ ናት!»

ፒንሳ አመድ መሰለች። በገዛ አፏ የታሰረች መሰላት። እናቷም ከወዲያ «ውይ ልጄን» ስትል ተሰማች።

ተቆጣጣሪዋ ተንበረከከች። ታፖው ከግድግዳው ጋር አብሮ ተቀብቷል፤ ወይቦ ቢጫ የሆነው ቀለም ሳይቋረጥ ከግድግዳው ወደ ታፖው ያልፋል። በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ ሌላ ቀለም አለ፤ ከዚያም ሥር ሌላ።

«ትናንት ሦስቴ ቀብታ፣ ትናንትናውኑ አስረጅታው ነው?» አለች።

ወኪሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻለው ነበር። «ይሄ እኮ ቧንቧ አይደለም፣ ዝም ብሎ የተለጠፈ ብረት ነው! መስመሩ በሌላ በኩል ነው!» ብሎ ከፒንሳ የመሣሪያ ሳጥን መፍቻ አነሳ።

«ኧረ ይተው ጌታዬ፣ ዋናው መስመር ነው!»

ማን ሰምቷት! ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ታፖው ተፈናጠረ፤ ውሃው ደረቱን መትቶ ከበሩ መቃን ጋር አጣበቀው። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጣ። ተቆጣጣሪዋ መዝገቧን ከራሷ በላይ ይዛ ወጣች፤ የፒንሳ ልጅ እየዘለለች አጨበጨበች። ፒንሳ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የውሃ መዝጊያ ሮጣ እስክትዘጋው ድረስ ወኪሉ ልብሱን እንደለበሰ ታጥቦ አበቃ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይቺኛዋ ግን ማደርም አላሻት። መሐላው የተጻፈበት ወረቀት እጁ ላይ ቡኮ ሆነ።

ወኪሉ ደረጃውን እያንጠባጠበ ከወረደ በኋላ ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ እንደቆመች የኪራይ ቅጹን አወጣች። ቤቱ ፒንሳ እስክትገባ ድረስ ሰው እንዳልኖረበት መዘገበች። የተከራይ ስም በሚለው ላይ የፒንሳን ስም ከነአባቷ ስም ጻፈች። ፒንሳ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፈረመች።

«ደባል አለ?» አለች ተቆጣጣሪዋ ወደ አሮጊቷ እያየች። «እማማን ደባል ብዬ ልሙላ?»

«እናት ይበሉልኝ» አለች ፒንሳ።

«ቅጹ ላይ እናት የሚል ቦታ የለም።»

«እንግዲያው ዳር ላይ ይጻፉት።»

ተቆጣጣሪዋ ትንሽ አሰበችና ዳር ላይ ጻፈችው። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አሮጊቷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ ጋብዛ አታውቅም፤ በሰው ቤት ማን ማንን ይጋብዛል? አሁን ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

«ምን ያቆምሻል ልጄ?» አለች። «ግቢና ቁጭ በይ እንጂ፣ ቤታችን ነው።»

የማትስቀው ተቆጣጣሪ ጫማዋን አውልቃ ገባች።