የእኔ ብርና የእናቴ ብር

ግላኮማ የእናቴን ዓይን ሲወስደው መጀመሪያ የጠፋባት የብር ቀለም ነው። ቦሌ አራብሳ፣ የብሎካችን መግቢያ ላይ ድንችና ሽንኩርት የምትቸረችርበት ጉሊት አላት። አረንጓዴው አሥር፣ ብርቱካናማው ሃምሳ እያለች ትለይ የነበረችው እናቴ አንድ ቀን "ሁሉም አመድ መሰለብኝ" አለችኝ። በቃ ተይው፣ የእኔ ደመወዝ ይበቃናል አልኳት። ተቆጣች።

"ቤት ካዋልሽኝ እሞታለሁ። እጄ እኮ አልታወረም!"

እኔም የእሷው ልጅ ነኝና እልህ ያዘኝ። በእጇ ላስተምራት ወሰንኩ። የምሠራው ኤርፖርት፣ ካርጎ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ደመወዜን የማወጣበት ማሽን ገና ያልታጠፈ አዲስ ብር ይሰጣል። እሱንና ከባንክ የዘረዘርኩትን አዲስ አሥርና ሃምሳ ይዤላት ገባሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ ጣቷን ይዤ ብሩ ላይ ከፍ ከፍ ብለው የታተሙትን ምልክቶች አስዳሰስኳት። ትልልቆቹ ቁጥሮችም በጥፍር ሲነኩ ይሻክራሉ። ዕድሜ ልኬን ብር ስይዝ አንዱንም ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እናቴ ቶሎ ገባት። አሥሩን ከሁለት መቶው ስትለይ ከልቧ ሳቀች።

"ለካ ብርም ያዝንልኛል" አለች።

ጉሊቷ ላይ ግን ትምህርቱ አልሠራም። እዚያ የሚደርሰው ብር የእኔ ዓይነት አይደለም። ከታክሲ ረዳት እጅ፣ ከሥጋ ቤት፣ ከቀን ሠራተኛ ኪስ ዞሮ ዞሮ የመጣ፣ ላብ የጠጣ፣ በፕላስተር የተጠጋገነ ብር ነው። ምልክቱ ተፍቆ አልቋል። እናቴ ደባብሳ ደባብሳ "ይሄኛው ምንም የለውም" ትለኛለች። በጣም አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጎረቤቶቻችን ይህን ሲያዩ ማንም ሳያዛቸው አንድ ልማድ አመጡ። የሚከፍል ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እማማ፣ ሃምሳ ነው" ይላል፤ "እማማ፣ ሁለት መቶ ነው፣ መልስ ይስጡኝ" ይላል። እሷም የተነገራትን አምና የሽርጧ ኪሶች ውስጥ በየዓይነቱ ለይታ ትከታለች፤ መልስ ትሰጣለች፤ ትመርቃለች። ያን ሰሞን ብሎካችንን ወደድኩት። የእናቴም ፊት መለስ አለ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እንደወትሮው ኪሶቿን አየሁላት። ከሁለት መቶዎቹ መሀል አሥር ብር ወጣ። አሮጌ አይደለም። ገና ያልታጠፈ፣ ምልክቱ ጣት ላይ ቁልጭ ብሎ የሚሰማ አዲስ አሥር ብር ነው።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ አሥር ነው።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ስቀበለው ጣቴ አሥር ነው አለኝ። ሰውየው ደግሞ «ሁለት መቶ ነው፣ እማማ» አለኝ።"

"ታዲያ ለምን መልስ ሰጠሽው?"

"በሰው ፊት ሌባ ልበለው? ድምፁን አውቀዋለሁ። ቤቴ ገብቶ የበላ ሰው ነው።"

ማን እንደሆነ ብለምናትም፣ ብጮኽባትም አልነገረችኝም። ብሩን ከእጄ ወስዳ ጠርዙን ስትደባብስ ቆየች። "ምናለ ባላስተማርሽኝ" አለች በመጨረሻ። "አምኜው እኖር ነበር።"

በማግስቱ ጉሊቷ አልተዘረጋም። እኔም ከሥራ ቀርቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶች በራችን ላይ እየቆሙ "እማማ፣ ምነው ዛሬ?" ይላሉ። "ትንሽ አሞኝ ነው" ትላለች። አንዱ ድምፅ ከውጭ "እማማ፣ እግዜር ይማርዎት" ሲላት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው መረቀችው።