ለማጥፋት መሣሪያ፣ ለመመርመር ጆሮ

ሾፌሮቹ «ፍሬቻ» ይሏታል፤ ጭር ባለ መንገድ ወደ ራሷ ግቢ ስትታጠፍ እንኳ ፍሬቻ ሳታሳይ አታልፍም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እሱ በተወላት ሚኒባስ የኩላሊት ሕሙማንን ከየቤታቸው እየለቀመች እጥበት ወደሚያደርጉበት ክሊኒክ ታመላልሳለች። ሰዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን ካልታጠቡ አይኖሩም። ስለዚህ እሷ መቅረት የሚባል ነገር አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብጫ የሞተር መብራት በራች። ከወር በፊትም በርታባት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ጋራዥ ስላለው ወስዳለት ነበር። «ሴንሰር ነው፣ ቀየርኩልሽ» አላት፤ ከፈለች፤ መብራቱም ጠፋ። አሁን ግን ተመልሶ መጣ፤ መኪናውም ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ሕሙማኑን ክሊኒክ አድርሳ ወደ ጋራዡ ወሰደችው። ዋርሳዋ ኮፈኑን ከፈተ፤ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለና ከንፈሩን መጠጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ሞተር አልቆለታል። ይውረድና ይከፈት። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

«መሣሪያ ሰክተህ አየኸው?»

«የኔ መሣሪያ ጆሮዬ ነው። ደሞ እኔን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው?»

ኮፈኑን ራሷ ከደነችና መኪናዋን ይዛ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሕሙማኑን ወደየቤታቸው ስትመልስ ነገሩን ነገረቻቸው። «ሦስት ሳምንት» ስትል ሁሉም ደነገጡ። ጋቢና የሚቀመጡት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ግን ቱግ አሉ።

«ሐኪሙ ደሜን ሳይመረምር ‹ኩላሊትህ ሞቷል› ቢለኝ እሺ እል ነበር? መጀመሪያ ይመርመር እንጂ፣ ልጄ!»

በማግስቱ ከተማው ዳር ወዳለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሄደች። ሰውየው ቃል ቆጣቢ ነው። መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰካና የብልሽቱን ኮድ አነበበ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት ይስታል፣ ነዳጁ ሳይነድ ያልፋል።

«ሞተሩ ይውረድ?» አለች ትንፋሿን ይዛ።

«ቆይ። ኮዱ የት እንዳመመው እንጂ ምን እንዳመመው አይናገርም።»

ለሦስተኛው ካንዴላ እሳት የምትሰጠውን ኮይል ነቅሎ ከአንደኛው ጋር አቀያየራትና ሞተሩን አስነሳ። ሕመሙ ኮይሏን ተከትሎ ወደ አንደኛው ሄደ።

«በቃ፣ እሷ ናት። ሞተርሽ ጤነኛ ነው።»

አዲስ ኮይል ሲገጥምላት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። እግረ መንገዱን ያን የተቀየረ ሴንሰር እንዲያይላት ለመነችው። ባትሪ ይዞ ከሥር ገባ።

«ይሄ ነው የተቀየረው? ቁልፍ ነክቶት አያውቅም። ዝገቱን እዪው!»

«ታዲያ ያኔ መብራቱ ለምን ጠፋ?»

«ኮዱን በመሣሪያ ደምስሶልሽ ነዋ።»

ደሟ ፈላ። መሣሪያማ ነበረው! ለማጥፋት ሲሆን መሣሪያ፣ ለመመርመር ሲሆን ጆሮ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

በቀጥታ ጋራዡ ሄደች። አምስት ስድስት ደንበኞች ቆመዋል። ዋርሳዋ የሚኒባሱን ለስላሳ ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

«እትዬ፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር።»

«እዚሁ! ከሥር ግባና የቀየርከውን ሴንሰር አሳየኝ።»

«ሠራተኛው ረስቶት ይሆናል...»

«ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ ነው? መብራቷንም ሠራተኛው ነው ያጠፋት? እነዚያ ሰዎች መንገድ ላይ ቢቀሩብኝ ማን ነበር የሚጠየቀው? የወንድምህ ልጆች የሚበሉት ከዚህች መኪና መሆኑን ታውቃለህ፤ ዐውቀህ ነው!»

አንገቱን ደፋ። «አልቀየርኩትም» አለ በመጨረሻ፣ ሁሉም እየሰማ። የወሰደውን እዚያው ቆጥሮ መለሰላት። አንዱ ደንበኛ የራሱን መኪና ቁልፍ ተቀብሎ፣ ሳያሠራ ይዞት ወጣ።

ቤቷ ሳትደርስ አማቷ ደወሉ። «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው! ልጄን አዋረድሽው!»

«እማማ፣ እሱ ያደረገውን ነው የተናገርኩት» አለችና ስልኩን ዘጋች። በስድስት ዓመት ውስጥ አማቷ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

ከወር በኋላ ዋርሳዋ ብርቱካን አንጠልጥሎ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ልጆቹ አጎታቸውን እንዲስሙ ፈቀደች። እሷ ግን በባልዲ ውሃ ሞልታ ወደ ግቢው ወጣችና፣ እሱ እስኪሄድ ድረስ ንጹሑን ሚኒባስ እንደገና ስታጥበው ቆየች።