ኔት አልመጣም ያልኋት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተቀምጬ፣ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ እዚች ላይ ስደርስ ዋጥ አድርጌ ተነሥቻለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ልጀምር? «አባቴ፣ የሚስቴን ዳታ ዘጋሁ» ይባላል? ኀጢአት አይመስልም። እኔ ግን ኀጢአት መሆኑን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ለእናንተ የምናገረው የባለቤቴ የየሻረግ ሕመም ያለባችሁ በዚህ የስልክ ቡድን ስለምትገናኙ ነው። ሐኪሞቹ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይሉታል፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እግሯን አሰረው፣ ጣቷን አደነዘዘው፣ ዓይኗን ጭጋግ አለበሰው። አስተማሪ ነበረች። ማንበብ ሲያቅታት ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር፤ መጻፍ ሲያቅታት እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። ጧት ጧት ደግሞ አዳማ ካለችው ከሰብለ ጋር በቪዲዮ እየተያዩ እግራቸውን ያፍታታሉ። ሰብለ ለልጅነት የምትደርሰን ናት፤ ሕመማቸው አንድ ነው፤ የተዋወቁትም የሚገናኙትም በዚሁ ኔት ብቻ ነው።

«እማ፣ አታጭበርብሪ! ከፍ አርጊው!» ትላታለች።

«ዝም በይ አንቺ፣ ያንቺስ መቼ ተነሣ!»

ይሣሣቃሉ። እኔ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። በጥበቃ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲያ አሥቄያት አላውቅም። ጣቷ እንቢ ሲላት «አያ ሙሉ፣ ዳታ ክፈትልኝ» ትለኛለች። የት እንደሚነካ ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ከዚያ በከተማችን ኢንተርኔት ጠፋ። ጠፍቶ ከረመ። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀስ በቀስ ግን ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ወደ ማታ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ ጣና ዳር እወስዳት ጀመር፤ ሙቀት ይጎዳታል፣ የሐይቁ ነፋስ ይስማማታል። ስለ ትውልድ መንደሬ ስለ አንበሳሜ፣ ስለ ልጅነቴ ጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ወይስ እኔ ነኝ ተናግሬ የማላውቅ?

አንድ ቀን ሹም አቦ ሰፈር ጨው ልገዛ ብሄድ ባለሱቋ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትሥቃለች። «አባባ፣ ኔት መጣ እኮ! ለእትዬ የሻረግ ይንገሯቸው፤ የምሥራች ሽልማት አያጡም!»

መንገዱን ሙሉ ልነግራት ነበር። ገብቼ ጨዉን አስቀመጥሁ። «ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችኝ። «ምንም» አልሁ።

በማግሥቱም ምንም አልሁ። «እስኪ ሞክረው» ስትለኝ ስልኩን ተቀብዬ፣ ዳታውን ሳልከፍት፣ «እንቢ አለ» ብዬ መለስሁላት። ዓይኗ እንደማይለይ አውቄ ነው። ሌባ የሌሊት ጨለማ ይጠብቃል፤ እኔ በሚስቴ ዓይን ጨለማ ሰረቅሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔው ነኝ። ክረምቱን እንዲያ አሳለፍሁት። ሰው እንዳይነግራት ፈርቼ፣ ዝናቡን አሳብቤ፣ ጣና ዳር መውሰዱንም ተውሁ። የዋሸሁለትን ነገር ራሱን በእጄ አጠፋሁት።

እግሯን ብቻዋን ልታፍታታ ሞከረች፤ ደከማትና ተወችው። ኔት ሳይጠፋ በከዘራ እስከ በሩ ትደርስ ነበር። አንድ ጧት ልትነሣ ስትል እግሯ ከዳት፤ ወደቀች። አንሥቼ አልጋው ላይ ሳደርጋት «ሰብለ ብታየኝ ትቆጣኝ ነበር» አለች። ያኔ ደነገጥሁ። ስልኩን አንሥቼ ዳታውን ከፈትሁት። «መጣ! ዛሬ መጣ!» አልሁ። በውሸት ላይ ሌላ ውሸት።

መልእክቱ ተከታትሎ ይንጫጫ ጀመር። የሰብለ ድምፅ ነው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እማ፣ የናንተ አገር ኔት ከተመለሰ መቆየቱን ሰማሁ። ምን አስቀየምኩሽ? ብቻዬን ታከተኝ። ስፖርቱን ትቼዋለሁ፤ መድኃኒቱንም። ደህና ሁኚ።»

የሻረግ ያን ጭጋግ የለበሰ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«መቼ መጣ አልኸኝ?»

«ዛሬ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ብትጮህብኝ በወደድሁ።

ሰብለ ከዚህ ቡድን ወጥታለች፤ በኔት ሲደወልላትም አታነሣም። የሻረግ ግን ጧት ጧት ድምፅ ትልክላታለች። ሰብለ ከከፈተችው ከመልእክቱ ግርጌ ሁለተኛ የራይት ምልክት ይጨመራል። «ሁለተኛዋ ምልክት መጣች?» ትለኛለች። «አልመጣችም» እላለሁ። አሁን እውነቴን ነው። ታምነኝ ይሆን? እግሯም አልተመለሰም፤ ከዘራዋ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ነው።

ሰብለን የምታውቁ ካላችሁ፣ የሻረግ አልተቀየመችሽም በሏት። ዳታውን የዘጋው ባሏ ነው በሏት። ለራሴ ምሕረት አልለምንም። ብቸኝነት ነው አልል፣ አለመማር ነው አልል፤ መዝጋቱን አሳምሬ ተምሬው ነበር።

ይህን እየተናገርሁ ስልኳ እየጻፈልኝ ነው። የሻረግ ጋደም ብላለች። ስትነቃ እንደ ልማዷ የቡድኑን መልእክት ታስነብባለች፤ ከአፌ ያልወጣውን ከስልኩ ትሰማለች። እኔ ጥግ እቀመጣለሁ። ዳታውን ከፍቼዋለሁ።