እመት ኪስ ጋዋኑን የለበሰች ዕለት

በስፌት ቤቱ ሁሉም እመት ኪስ ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው በር ላይ ሰዓት የሚመዘግበው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም ሲጽፈው ይሳሳታል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሦስተኛው መስኮት ሥር ባለችው መኪና ላይ ተቀምጣ የሰፋችው ኪስ ነው። የነርስ ጋዋን ኪስ፣ ግራና ቀኝ፣ ሌላ የለም። እጅጌ ገጥማ አታውቅም፣ አንገት ነክታ አታውቅም። ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ የሰው ቤት ስትዞር ኖራ በመጨረሻ ያገኘቻት መኪና ናት፤ ወገቧን ብታምማትም ወንበሯን ታውቀዋለች፣ ወንበሩም እሷን።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላይ ቤት ጨርቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይሄዳል። አንዱ በጠመኔ ያሰምራል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ እሷ ኪስ ትለጥፋለች፣ ቀጥሎ ትከሻው ይገጠማል፣ አንገት፣ እጅጌ፣ የአዝራር ቀዳዳ። ያለቀው በቅርጫት ተጭኖ በደረጃው ይወርዳል፤ የሚተኮሰውና የሚታሸገው ምድር ቤት ነው። ስለዚህ ላይ ቤት ካሉት አንድም ሰው የሰፋው ልብስ ሰው ሲመስል አይቶ አያውቅም። ግድም አልነበራቸውም። ሁሉም የያዘውን ይሠራል፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል።

ሰኞ ዕለት አንድ ትልቅ እስር ጋዋን ከሐኪም ቤት ተመልሶ መጣ። አብሮት ደብዳቤ ነበረ። ኃላፊው፣ አጭርና ደረቱን ነፋ አድርጎ የሚሄድ ሰው፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ አነበበው። ነርሶቹ ከኪሳቸው እስክሪብቶ ለማውጣት እያጎነበሱ ነው፣ በሽተኞቹም ሰላምታ መስሏቸው አጸፋውን እየመለሱ ነው ይላል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው እመት ኪስ ብቻ ነበረች።

ኃላፊው ብዙ አልተጨነቀም። የወረደው ኪስ ነው፣ ኪስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ አለቀ። ዓርብ የሚላከውም እንዲህ ሆኖ ከተመለሰ መኪናዋን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ እሷም ምድር ቤት ወርዳ ክር ለቀማ እንደምትቀመጥ ነግሯት ሄደ። ክር ለቀማ ማለት ዓይንና ወገብ ያለቀበት ሰው የሚሄድበት ጥግ ነው። ከዚያ የተመለሰ የለም።

ኪስ የምትለካበትን የእንጨት ዘንግ አንስታ ከጨርቁ የታችኛው ጠርዝ ወደ ላይ ለካች። እንደ ወትሮው ነው። ደግማ ለካች፣ ያው ነው። ሌሎቹንም ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም በየጠረጴዛው ሆኖ «በእኔ በኩል ልክ ነው» አላት። እሷም ብትጠየቅ የምትለው ይህንኑ ነበር።

ማታ ቤቷ ገብታ እግሯን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ ተቀመጠች። ልጇ፣ ኮሌጅ የገባችው ገና ዘንድሮ ነው፣ ሽንኩርት እየላጠች ስለ አዲሱ ትምህርቷ ታወራላታለች። የፍልስፍና መግቢያ ይባላል። ልጅቷ መጀመሪያ ስሙን ስትሰማ ፈርታው ነበር፤ አሁን ግን አፏ ሥራ አልፈታም። መምህሩ ወረቀት አድሎ እያንዳንዱ ክፍሉን ከተቀመጠበት ሆኖ እንዲስል አዘዛቸው አለች። አርባ ሰው አርባ ክፍል ሳለ። ፊት የተቀመጠው ሰሌዳ ብቻ፣ ኋላ የተቀመጠው የሰው ማጅራት ብቻ። መምህሩ ሁሉንም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሲያበቃ፣ ማን ነው የጎደለው ብሎ ጠየቃቸው። ለካ አንድም ሰው ራሱን አልሳለም።

«ከዚያ ምን አለ መሰለሽ፣ እማዬ? ፍልስፍና ማለት አንዳንዴ ከመቀመጫ ተነስቶ ሙሉውን ማየት ነው፣ ራስንም ጨምሮ።»

«ይህን ለመስማት ነው በሌሊት የምትነሺው?» አለች እናት። «ከመቀመጫ መነሳትማ ወገቤን ሲይዘኝ እኔም እነሳለሁ። ሰው ግን ፈላስፋ ብሎኝ አያውቅም።»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ የዕለቱን ነገር ከእናቷ አፍ ጎትታ አወጣች፣ ሽንኩርቱንም አስቀምጣ አሰበች።

«እማዬ፣ ጋዋኑን ለብሰሽው ታውቂያለሽ?»

የእናት እግር ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ለብሳው አታውቅም። ተለብሶም ልብ ብላ አላየችም። ይህችኑ ልጅ ስትወልድ ነርሶች አይታለች፤ ያኔ ግን ኪስ የሚታይበት ሰዓት አልነበረም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት በደረጃው ወረደች። ተኳሿ ሴት በእንፋሎቱ መሐል አየቻትና፣ «ምነው እህቴ፣ ነርስ ልትሆኚ ነው?» አለቻት። «ዕድሜዬ ሄዶ ነው እንጂ» ብላ አንዱን ጋዋን አንስታ ለበሰች። እጇ በልማዱ ወደ ዳሌዋ ሄደ። ኪስ የለም። ዝቅ አለ፣ አሁንም የለም። በመጨረሻ ጎንበስ ስትል ከጉልበቷ ከፍ ብሎ አገኘችው። አሥራ ሰባት ዓመት የሰፋችውን ኪስ እንደ ሌባ ፈልጋ ስታገኘው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ተኳሿም ማሽኑን ጥላ አብራት ሳቀች። ሳቁ ሲወጣላት መዳፏን ዘርግታ ለካችው። መሆን ካለበት ቦታ የወረደው አንድ መዳፍ ነው፣ አምስት ጣት ጥንቅቅ ብሎ።

ጋዋኑን እንደለበሰች ወደ ላይ ወጣች። ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ አያት። እሷ ግን ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳልመጣች ተናግራ፣ ጨርቁ ከሚነሳበት ጠረጴዛ ጀመረች። በጠመኔ የሚያሰምሩት ሽማግሌ ጋሼ ጠመኔ ይባላሉ። መስመሩን ከትከሻው በኩል አንድ ጣት ሰፋ እንደሚያደርጉት ሳያፍሩ ነገሯት፤ የቆራጩ ስለት አንዳንዴ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ለሱ አዝነው ነው። እሷም አንድ ጣቷን አቆመች። ቆራጩ፣ ምላጭ የሚሉት ቀልደኛ፣ ከመስመሩ አንድ ጣት አውጥቶ ነበር የሚቆርጠው፤ ትከሻ ገጣሚዋ ድሮ ጨርቅ አጠረኝ ብላ አልቅሳበታለች። ሁለት። የትከሻውን ቅጥያ የምታዘጋጀዋም ለዚህችው ገጣሚ ብላ አንድ ጣት ትጨምራለች። ሦስት። ገጣሚዋ ደግሞ የተረፈውን ሁሉ ስታይ፣ አንገት ሰፊዋ ትፈልገው ይሆናል ብላ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስፌቱን በጠርዙ ነው የምታሳልፈው። አራት።

እሷ የምትለካው ከታች ጠርዝ ነውና ከላይ የተጨመረው ሁሉ ኪሱን ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን ለማየት ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም፤ እሷ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር።

«አይ እኛ» አለ ምላጭ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ሁላችንም ለሰው ስናማስል ድስቱ ኃላፊው ጋ ደረሰ።»

አራት ጣት ቆሟል። አውራ ጣቷ ብቻ ቀርቷል። የአንገትና የእጅጌ ሰፊዎቹን ጠየቀች፣ እነሱ ምንም አልጨመሩም። ያኔ ኃላፊው ጫጫታውን ሰምቶ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ተሰማ። በአራቱ ጣት ነጻ መውጣት ትችል ነበር፤ አምስተኛውን የሚጠይቃት ማንም የለም። ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፉት አርባ ሥዕሎች ትዝ አሏት። ወደ ራሷ ወንበር ሄዳ ዘንጉን አነሳች። የዘንጉ ጫፍ ላይ የጠቀለለችው ጨርቅ ነበረ፤ ከዓመታት በፊት የአዝራር ቀዳዳ የምትሠራዋ ልጅ ኪሱ ተጠጋብኝ ስትላት፣ ለሷ ብላ ኪሱን አንድ ጣት ዝቅ የምታደርግበት ምልክት። ልጅቷ አግብታ ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው።

ኃላፊው ሲደርስ እጇን ዘረጋችለት።

«አራቱ ጣት የነሱ ነው ጌታዬ። አውራ ጣቱ የኔ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ሁሉም ለጎረቤቱ ነው ያዘነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ የእኛ ጣት ቢያብር ነርስ አስጎነበሰ።»

ኃላፊው እጇን አየ፣ ኪሱን አየ። ከዚያ ማንም ሳይጠብቀው ኮቱን አውልቆ ጋዋኑን ስጪኝ አላት። ሲለብሰው፣ ቁመቱ አጭር ነውና ኪሱ ጉልበቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እስክሪብቶውን ከትቶ ለማውጣት ሞከረ፣ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አለ። ጋሼ ጠመኔ እጅ የነሳ መስሏቸው ሳይሆን ሊያሾፉ ባርኔጣቸውን አንስተው አጸፋውን መለሱለት። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነበር።

የዓርቡ ጨርቅ ገና አልተቆረጠምና ከእንግዲህ ማንም ለማንም ጣት እንዳይጨምር ተስማሙ። የጎደለው ካለ ተነስቶ ሄዶ ይጠይቅ ተባለ። እመት ኪስም ከዘንጓ ላይ ጨርቁን ፈታች። የመጀመሪያው ጋዋን ሲያልቅ በቅርጫት አልወረደም፤ እሷው ለብሳው በጠረጴዛዎቹ መሐል ዞረች፣ እያንዳንዱም የራሱን ስፌት በሰው ላይ አየ። ትከሻ ገጣሚዋ የጋዋኑን ትከሻ ነክታ፣ «ለካ እንዲህ ነው የሚያምረው» አለች፣ ደጋግማ።

ዓርብ የሄደው ሳይመለስ አንድ ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ ሲመጣ እመት ኪስ መኪናዋን አቆመች። ኃላፊው ፊቱን ኮስተር አድርጎ መሐል ወለሉ ላይ አነበበው። ሐኪም ቤቱ ሌላ ችግር ገጥሞኛል ይላል፦ ነርሶቹ አሁን እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጣ ብለዋል።

ደብዳቤውን ለልጇ ይዛላት ሄደች። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ለመምህሯ ላሳየው ብላ ለመነቻት።

«አሳዪው» አለች እናት፣ እግሯን ውሃ ውስጥ እየነከረች። «ከመቀመጫ መነሳቱ ልክ ነው በይው። ግን ለብሰውም ይዩት።»