እኩያዋ ጆንያ

እህቴ በወባ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። ስለ እሷ ሳስብ ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ ሞቷ አይደለም። የወፈረችበት ጊዜ ነው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ነበረች። ሆዷ ይነፋል፤ ያስቀምጣታል። ጤና ጣቢያ ክንዷን በጥብጣብ የምትለካት ነርስ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እናታችን የገብስ ገንፎ በቅቤ ታቀርብላታለች። እኛ ፎገራዎች ሩዝ የዘወትር ምግባችን ነው፤ ለታመመ ሰው ግን ገብስ ነው ደንቡ። "ሩዝ ምን ጉልበት አለው?" ትላለች እናቴ። ገንፎው በበዛ ቁጥር እህቴ ከሳች።

ባሕር ዳር ያያት ሐኪም በሽታው ሴሊያክ ይባላል አለን። ስንዴና ገብስ አንጀቷን ይጎዱታል፤ ሩዝና ንጹሕ ጤፍ ይስማሟታል። ክብደቷ ግማሽ ኩንታል እንዲደርስ እፈልጋለሁ አለ። ስንወጣ እናቴ "በእጄ ነው ያከሳኋት" አለች።

"እማ፣ ቅቤው እኮ ምንም አላለኝም" አለቻት እህቴ።

ቤታችን ሚዛን የለም። እኔ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ስለምሠራ፣ በገበያ ቀን እየመጣች የጆንያው ሚዛን ላይ ትወጣለች። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው።

"ሐጂ፣ ሚዛንዎ ይሰርቃል መሰለኝ" ትላቸዋለች።

"ከአንች ምኑን ሊሰርቅ? ለመሰረቅም እኮ ሥጋ ይፈልጋል!"

ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል። እኔ ቁጥሩን ነበር የማየው። አንዳንዴ አይነቃነቅም። ድግስ ላይ ዳቦና ጠላ እምቢ ስትል "ኮራች" ይሏታል፤ እሷም ሰው እንዳይቀየማት ትቀምስና መልሳ ትከሳለች። በኋላ ግን መኩራቱን ለመደችው። ጉንጯ ሞላ። የፋሲካ ሰሞን ሚዛኑ ግማሽ ኩንታል ላይ ቆመ። ሐጂ አጠገቧ ያለውን የግማሽ ኩንታል ሩዝ ጆንያ መታ መታ አድርገው፣ "እኩያሽ ይኸ ነው፤ እንግዲህ ልዳርሽ" አሉ። እየሳቀች ወረደች።

ኅዳር ላይ ወባ ወሰዳት።

ለተዝካሯ እናቴ ስንዴ አልጋግርም፣ ጠላም አልጠምቅም አለች። "እሷን የጎዳ እህል በስሟ አይቀርብም።" ጎረቤት "ያለ ጠላ ምን ተዝካር አለ?" ብሎ አጉረመረመ። የነፍስ አባታችን ግን "ሩዙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ አምጡት ልባርከው" አሉ።

በዋዜማው ሐጂ አንድ ጆንያ ሩዝ በጋሪ ላኩ። ባለጋሪው "እኩያዋ ነው በላቸው ብለውኛል" አለኝ።

አውርጄ ተሸከምኩት። ወገቤን ያዘኝ። እንደዚህ ትከብድ ነበር ማለት ነው። ደስ እያለኝ አስገባሁት።