ቅቤ የሌለው ጎመን

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ገጠር፣ ኮንጋ ብቻውን ይኖር ነበር። ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ተከራክሬም ለምኜም ዲላ እኔ ቤት አመጣሁት።

የሆስፒታል ቀጠሮው ቀን ሲስተሯ ውጤቱን አይታ፣ "አባባ፣ ሥጋና ቅቤ ይቅርብዎት። የጾም ምግብ ይብሉ። ሕመሙ ከተመለሰ ልብዎ አይችለውም" አለችው። በቅንነት ነው፤ ግን አባቴ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለእሱ እንደማንኛውም ቀን ናቸው።

ቤት ስንደርስ፣ "በስተርጅና ሃይማኖት ቀይር ነው ያቺ ልጅ የምትለኝ?" አለና እራት ላይ ቆጮውን ቅቤ እያጠቀሰ በላ። በጎረሰ ቁጥር የእኔ ልብ ይደልቃል። ቅቤውን ስደብቀው ፈልጎ ያወጣዋል፤ ስቆጣ መብላቱን ይቀጥላል። እፈራለሁ፣ ደግሞ እናደዳለሁ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ በእሱ ወጥቼ ካልሆነ።

ሄጄ ለሲስተሯ ነገርኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ጾም አላነሳችም።

"አባባ፣ ልጅ እያሉ ምን ይበሉ ነበር?"

"ምን ነበርና! ቆጮ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ጎደሬ።"

"እሱን ይብሉ።"

እፎይ አልኩ። እሱ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "እሱን የበላሁት አጥቼ ነው። ልጆቼን ያስተማርኩት ተመልሼ እንድበላው ነው? ዘመድ ሲመጣ ልጁ ቤት ቅቤ አጣ ይበለኝ?"

እኛ ዘንድ ሽማግሌ መከበሩ የሚታወቀው ቆጮው ላይ በሚፈስለት ቅቤ ነው። ሃይማኖቱ ሰበብ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔም ለብቻው የበሽተኛ ሳህን እያቀረብኩለት፣ እኛ አጠገቡ ክትፎ ስንበላ ነበር የከረምነው።

በዚያው ምሽት ለሁላችንም አንድ ትሪ አቀረብኩ፤ ቆጮ፣ በትንሽ ዘይት የተሠራ ጎመን፣ ባቄላ። ባለቤቴና ልጆቼ ቀድሜ ስለነገርኳቸው መብላት ጀመሩ። አባቴ እጁን ሳይዘረጋ ትሪውን ዳር እስከ ዳር አየው።

"የእናንተስ ቅቤ?"

"የለም።"

"እናንተም ታመማችሁ?"

"አንተን ማጣት ፈርተን ነው፣ አባዬ።"

ጎመኑን በቆጮ ጠቅልሎ ጎረሰና ቀስ ብሎ አላመጠ።

"የእናትሽ ይጣፍጥ ነበር" አለና ሁለተኛ ጎረሰ።