የቢናን ዜማ የያዘው ሴናን

ሴናን ሃንራሃን የወተት መኪና ሾፌር ነው። ቫዮሊን ገዝቶ የመጣው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። በእኛ አገር፣ በአየርላንድ ምዕራብ ክሌር፣ በዚያ ዕድሜ ሰው ቫዮሊን ይሰቅላል እንጂ አያነሳም፤ እሱ ግን አንዴ ካሰበ አሰበ ነው። እኔ አርባ ዓመት ዋሽንት የነፋሁ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጆሮዬን ይዤ ነው ያሳለፍኳቸው። ሚስቱማ ከነቫዮሊኑ ወደ ላሞቹ በረት አባርራዋለች።

ልቡ ያለው አንድ ዜማ ላይ ነበር። ቢና የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ጎረቤታችን የአባታቸውን ዜማ ይጫወታሉ፤ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው የለም። የሚጫወቱትም በዓመት አንዴ፣ በገና በዓል ማግስት ነው። ሁላችንም «የዛሬ ዓመት እንይዘዋለን» ስንል ዓመታት አለፉ። አሁን ጣታቸው እየደረቀ ነው፤ በግንቦት ልጃቸው ሊመሪክ ከተማ ልትወስዳቸው ነው። ዜማውም አብሮ ሊሄድ ነው። እኔ በዚህ አፍራለሁ፤ ሴናን ግን በመጋቢት የድምፅ መቅጃ ቴፕ ታቅፎ በራቸውን አንኳኳ።

«ወረቀት ይዘሃል?» አሉት።

«ኧረ የለም! ቴፕ ብቻ ነው።»

«ቴፕ ይግባ። ኖታ የሚጽፍ ሰው ግን እዚህ ቤት ሻይ አይጠጣም።»

ሴናን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ቴፑን ከፈተና ዓይኑን ጨፈነ። እኛ ዘንድ ዜማ የሚይዝ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ቢና አንዴ ብቻ ተጫወቱለትና ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ሳምንት ሙሉ መኪናው ውስጥ ከዚያ ቴፕ ሌላ ነገር አልተሰማም። መጀመሪያ አንጎራጎረው፣ ቀጥሎ አፏጨው፣ በመጨረሻ በረት ገብቶ ተጫወተው። በዚህ መሃል ሁለት ቀን የገበሬዎችን ወተት ሳያነሳ አልፏል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ምስጢር ልንገርህ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ዜማው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሁለቴ በእግር ይመታል፣ ‹ሽ!› ይባላል፣ ይቀጥላል። የጥንቶቹ ስልት ነው!»

«እንዲህ ያለ ስልት ሰምቼ አላውቅም።»

«አንተ ምን ትሰማለህ? ዋሽንትህ መቼ ፋታ ሰጥቶህ!»

ቢና ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን መጠጥ ቤቱ ጥግ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ቢናም ቫዮሊናቸውን ይዘው አብረውን ነበሩ። ሴናን ማንንም ሳያስፈቅድ ጀመረ። የመጀመሪያውን ክፍል ሲጫወት ዋሽንቴን አስቀምጬ ሰማሁት፤ ዜማው ራሱ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቀጥ አለ። ወለሉን ሁለቴ ሲደልቀው ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። «ሽ!» አለ፣ ፊቱን እንደ ቄስ ኮስተር አድርጎ። ከዚያ ቀጥሎ ዙሩን ጨረሰ።

«ሴናን፣» አሉ ቢና፣ «ዶሮዋን ማን አስገባት?»

«የምን ዶሮ?»

«ያን ቀን ወጥ ቤቴ የገባችዋ ናታ! እሷን እኮ ነው ያባረርኩት!»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔም ቢራዬ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ፤ ደግ አላደረግሁም። ሴናን እስከ ጆሮው ቀልቶ ቫዮሊኑን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረ።

«ወዴት ነው? ገና ሁለት ዙር ይቀርሃል» አሉት ቢና።

እውነታቸውን ነው፤ እኛ አንድን ዜማ ሦስት ዙር እንጫወታለን። ቢና የራሳቸውን ቫዮሊን አንስተው አብረውት ጀመሩ። ዶሮዋ ጋ ሲደርሱ ቢና ሳያቆሙ አለፉ፤ የሴናን እግር ሊመታ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ሴናን እየተንደረደረ ደረሰባቸው። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ቢና ድንገት አቆሙና ቫዮሊናቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ኧረ አይተዉኝ!» አለ ሴናን እጁ ሳያቆም።

«ተጫወት እባክህ። አባቴ ከሞተ ስልሳ ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ ይህን ዜማ ከራሴ እጅ በቀር ሰምቼው አላውቅም።»

ሴናን ተጫወተ። ሁለት ቦታ ሳተ፤ ማንም አላረመውም። ሲጨርስ ቢና ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ድገመው» አሉት።

ደገመው።